ክረምቱን የቆመ ሞተር፦ ጥያቄና መልስ

መስከረም ሲጠባ ከየጓዳውና ከየበረንዳው ሞተር ሳይክል ይወጣል፤ ከዚያ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተራ ይዞ ይረግጠዋል። ባሕር ዳር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስክንጨርስ ድረስ ማንም እንዳይረግጥ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ቦክሰር ሞተር ሳይክሌ ስምንት ወር ቆሟል። ትናንት እግሬ እስኪዝል ብረግጠውም አልነሳ አለ። መብራቱ ግን ይበራል። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?

ቆሞ የተቃጠለ ሞተር አላየሁም። የሚበላሸው ቤንዚኑ ነው። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሥር ባለችው ጽዋ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ይቀራል። ቀላሉ ክፍሉ ተኖ ይሄድና ቀሪው ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው ጂግለሯን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን፣ ይደፍናታል። የትንሿ ጂግለር ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ያንሳል፤ ቅንጣት ነገር ይበቃታል።

መጀመሪያ የሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) ክዳን ከፍተህ አሽትት። አዲስ ቤንዚን አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ ያረጀው እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። እንደዚያ ከሸተተህ ሁሉንም ወደ ጀሪካን ገልብጥ። ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው ደግሞ፣ የዚህ ከተማ ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ከዚያ ከካርቡራተሩ ጽዋ ሥር ያለችውን ብሎን ፈተህ አራግፍ፤ ውሃና ዝገት አብሮ ሊወርድ ይችላል። አንድ ሊትር አዲስ ቤንዚን ጨምረህ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) አውጥተህ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ መልስና ያን ጊዜ ሞክር። እንቢ ካለ ካርቡራተሩ ይወርዳል፣ ጂግለሮቹ ይጸዳሉ።

አንድ ደንበኛዬ ተመሳሳይ ሞተር ይዞ ሌላ ቦታ ሄዶ ፒስተን አስፈትቶ፣ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) አስቀይሮ፣ ገንዘቡን ጨርሶ መጣ። ችግሩ ያቺው ቀዳዳ ነበረች። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አልፈርድም።

እዚያው ከሽምብጥ፦ ጂግለሯን በመርፌ ብወጋትስ?

አይሆንም። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያለ ልክ ቤንዚን ይጠጣል። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፋትና ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር አስነፋት። ዓይንህን ጠብቅ።

ከዘጌ፦ ልጄ ለትምህርት ከሄደ ሁለት ዓመቱ። ሞተሩን ቡና ማስቀመጫው ውስጥ ትቶት ነው የሄደው። አሁን ላስነሳው ብል መርገጫው ራሱ ደርቋል።

አባባ፣ እባክዎ በኃይል እንዳይረግጡት። ሲሊንደሩ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ፋሻው ይዞ ሊሆን ይችላል። ካንዴላውን ያውጡና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ያፍስሱ፤ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ካንዴላው ሳይገባ አራተኛ ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ አድርገው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። ከላቀቀ በኋላ የቆየውን ዘይት ይቀይሩት። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ አዲስ ሞልተው ጥቂት ካስነሱት በኋላ እንደገና ይቀይሩ።

ሌላም አለ። ጎተራ አጠገብ የቆመ ሞተር ማለት ለአይጥ ቤት ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ይክፈቱ፤ ሳርና ጨርቅ ሞልቶበት አግኝቼ አውቃለሁ። ሽቦዎቹን ይዩ፣ አይጥ ትበላቸዋለች። ማርሚታውንም (የጭስ መውጫውን) በእጅ ባትሪ ያብሩበት፤ ተርብ በጭቃ ከደፈነው ምንም ቢያደርጉ አይነሳም።

ከጎርጎራ፦ የእኔ በቁልፍ ብቻ ነው የሚነሳው። ስጫነው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል።

ባትሪ ነው፣ እህቴ። በቮልት መለኪያ ለኪው፤ ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው። ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ ከቀረ አንዱ ክፍሉ ሞቷል፤ ከመግዛት ሌላ መፍትሔ የለውም። ቻርጅ ሲደረግ በቀስታ ይሁን፤ 5 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ በግማሽ አምፒር 10 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የመኪና ባትሪ በሚሞሉበት ኃይል ከሞሉልሽ ይቀቀላል። ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ የሚጨመርበት የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድም አይደለም፣ የጣና ውሃም አይደለም። (ሳቅ እንዳይመስልሽ፣ በሃይላንድ ቀድቶ የሞላ አውቃለሁ።)

ከሐሙሲት፦ ገፍቼ ላስነሳው?

ካርቡራተር ያለው ከሆነ አዎ፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን (ክላች) ይዘህ ሩጥና ልቀቅ። ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ የሚረጭ) ከሆነና ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግን በከንቱ ላብህን ነው የምታፈሰው።

ከቀበሌ 14፦ ከመተማ የገዛሁት ሞተር እዚያ ደህና ነበር። እዚህ ወር ቆሞ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበትም የለው።

መጀመሪያ ቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ ለማስነሻ የሚሳበው) ተስቦ እንዳልቀረ እይ። ቀጥሎ ፊልትሮውን አራግፍ፤ የቆላ አቧራ ጠጥቶ ይሆናል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ከፍታው ነው። ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ መተማ ከዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በቆላው ልክ ያፈሳል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ትደረጋለች፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከወረታ፦ ተነሳልኝ፤ ማርሽ ሳስገባ ግን ፍሪሲዮን ይዤም ዘልሎ ይጠፋል።

የፍሪሲዮኑ ሰሌዳዎች ተጣብቀዋል። ሞተሩን አሙቀህ አጥፋው፤ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሪሲዮን ጨብጠህ ወደፊትና ወደኋላ ግፋው፤ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል። ፍሬኑንም ሳትሞክር መንገድ እንዳትወጣ።

ከሽምብጥ እንደገና፦ ጋሼ፣ ጂግለሯን አስነፍቼ በሦስተኛው ተነሳ! ግን ቤቱን ነጭ ጭስ ሞላው።

ክረምቱን ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመ እርጥበት ነው፤ አሥር ደቂቃ ስጠው። ከዚያም በኋላ ሰማያዊ እየሆነ ከቀጠለ ዘይት እያቃጠለ ነውና ይዘኸው ና። ቤቱን ሞላው ነው ያልከው? አሁኑኑ አጥፋውና ወደ ውጭ ግፋው፤ በር መስኮቱንም ክፈት።