ሩጫው ከመጀመሩ በፊት

ልጆቼ፣

ጎህ ሲቀድ በአዘዞ መንገድ ስትሮጡ፣ የጎሃን ዳገት ስትወጡ አያችኋለሁ። ደስ ይለኛል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጨፍሬያለሁ። በሕክምና ያረጀ ሰው ግን ሯጭ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ደረቱ ላይ ነው። ስለዚህ ልለምናችሁ፤ ክለብ ከመግባታችሁ፣ ጠንከር ያለ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ።

«ጤነኛ ነኝ፣ ምን ያስመረምረኛል?» ትሉኛላችሁ። ካሜሩናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎም ጤነኛ ይመስል ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲጫወት ወድቆ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። የልብ ጡንቻው ከልክ በላይ መወፈሩ የታየው አስከሬኑ ሲመረመር ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» ይባላል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ካልታከመ አንዳንዱ ልጅ ላይ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ቀጥሎም የልብ ቫልቭ ያበላሻል። ጉዳቱ ዓመታት ተደብቆ ይቆይና ሰውየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው ብቅ ይላል። በዚህ ምክንያት በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጉ ካላችሁ፣ ጡንቻ አወጣሁ ብላችሁ መርፌውን እንዳታቋርጡ። ልምምዱንም ሐኪማችሁ ሳያውቅ አትጀምሩ።

ምርመራው አያስፈራም። አብዛኛው ጥያቄ ነው። ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ደረትህን ያምሃል? ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ? ከዚያ ግፊት ይለካል፣ ልብ ይደመጣል። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ) ወይም ኢኮ (ልብን በአልትራሳውንድ የሚያሳይ) ምርመራ ያዛል። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። ክለቡ እንዳይቀንሰው የሚዋሽ አለ። ሳይታይ በዘመድ ማኅተም አስመትቶ የሚመጣም አለ፤ ያ ወረቀት ለማንም አይጠቅምም።

እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ «ዓይን ወግቶት ነው» ተብሎ ሲታለፍ ያንገበግበኛል። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ኢሲጂውንም ተነሡ፤ አይጣሉም። ትኩሳት ካላችሁ ደግሞ ያን ቀን ልምምድ የለም። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ አንዳንዴ የልብ ጡንቻን ያስቆጣል፤ ላብ አያወጣውም።

አሰልጣኞችም ስሙኝ። ተጫዋች ወድቆ ካልነቃ፣ በወጉም ካልተነፈሰ፣ ክብሪት ማሽተቱን ተዉት። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ። ሌላው የደረቱን መሃል በሁለት እጁ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ዴንማርካዊው ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ሲወድቅ ወዲያው ደረቱን ተጭነው፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡን መለሱለት። ንዝረት የሚሰጠው መሣሪያ በየሜዳችን የለም። እጅ ግን አለ።

ሴቶች ልጆቼ፣ ልምምድ ስታበዙ የወር አበባችሁ ለወራት ከቀረ «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የምትበሉት ከምታወጡት ጉልበት ጋር አልተመጣጠነም ማለት ነው፤ በጾም ወቅት ደግሞ ይብሳል። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፤ ሳትወድቁ እግራችሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለአሰልጣኙ መናገር ካሳፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለነርሷ ንገሯት።