ሊምፎማ ያለባቸው አባቴ ደማቸው ለምን ያልቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። አንገታቸው ላይ ንፍፊት ወጥቶ ናሙና ተወሰደና ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተባለ። ሕክምናው ሳይጀመር ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሽንታቸው ኮካ መሰለ። ከአልጋ እስከ በር ሲሄዱ ያለከልካቸዋል። ሄሞግሎቢናቸው 5.8 ነው። ሐኪሙ «ሰውነታቸው የራሳቸውን ደም እያፈረሰ ነው» አለን። ዘመድ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል ይጠጡ ይላል። እኔም ቀይ ሥር እየጨመቅኩላቸው ነው። ካንሰሩ ደማቸው ውስጥ ገባ ማለት ነው?

መልስ፦ በ5.8 እየቃተቱ ቤት መቀመጥ የለባቸውም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ያነቡታል።

ቀይ ሥሩ አይጎዳቸውም፣ ግን ለዚህ አይሆንም። የብረት ኪኒንም ያው ነው። አባትዎ ደም ማምረት አላቃታቸውም፤ የተመረተው ቶሎ እየፈረሰ ነው። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። የእሳቸው በቀናት ሊያልቅ ይችላል። ሲፈርስ ቢጫ ቀለም ይለቃል፣ ዓይናቸውን ያቀለመው እሱ ነው። ቅጠሉ ግን ይቅርባቸው፤ ደህናውን ጉበት እንዳይነካባቸው።

ሊምፎማ የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው። አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርም ላይ ተለጥፎ ሰውነትን የሚከላከል ፕሮቲን፣ የሚሠራው ከእነዚሁ ወገን ነው። ሥራቸው ሲዛባ አንቲቦዲው የገዛ ቀይ ሴል ላይ ይለጠፋል። ጣፊያ ደግሞ የተለጠፈበትን እየለቀመ ይበላል። ስለዚህ ይህ ብቻውን ካንሰሩ ደም ውስጥ ገባ አያሰኝም። አንዳንዴ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌትም አብሮ ይጠቃል፤ ድዳቸው ከደማ ወይም ቆዳቸው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካዩ ይናገሩ።

ማረጋገጫው ኩምብስ የሚባል የደም ምርመራ ነው። ሰሞኑን ወደ ባቲ ወይም ከሚሴ ወርደው ከነበረ ወባም ይታይላቸው፣ እሱም ደም ያፈርሳል።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነትን መከላከያ በሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ይጀመራል። ናሙናው ቀድሞ መወሰዱ በጀ፤ መድኃኒቱ ንፍፊቱን አሟሙቶ ምርመራውን ሊያሳስት ይችል ነበር። መድኃኒቱ ሊያነሳሳቸው ስለሚችል ስኳር፣ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ እንዲታዩላቸው ይጠይቁ። ደም መስጠት ካስፈለገ ማመሳሰሉ ያስቸግራል፣ አንቲቦዲው ከሰጪው ደም ጋርም ይጣላል። ቢሆንም ነፍስ ለማዳን ይሰጣል። ደሙ በደንብ የሚረጋጋው ግን ሊምፎማው ራሱ ሲታከም ነው፤ የካንሰር ሐኪም ቀጠሮውን አያዘግዩት።

ዓይናቸው ነጣ ብላችሁ ፕሬድኒሶሎኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሽንታቸውን ጠዋት ጠዋት ይዩላቸው። ተመልሶ ኮካ ከመሰለ ቀጠሮ አይጠብቁ።