ከፋብሪካ እስከ ሞጆ፦ አስመጪዎች ጠይቁ፣ ትራንዚተሩ ይመልሳል

ሥራዬ ትራንዚት ነው፤ የአስመጪዎችን ሰነድና ዕቃ ከወደብ አስፈጽማለሁ። ከፋብሪካው በር እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለውን ጠይቁኝ። የዶላር ምንዛሪ አትጠይቁኝ። ከወዲሁ ልበል፦ ሰነድ ከመርከቡ ይቅደም።

ሶላር ሻጭ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ከሻንጋይ የሚመጣ መርከብ የቀይ ባሕር መግቢያ የሆነውን ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል። ታዲያ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ ተኮሱ ተብሎ የኔ ባትሪ ለምን ይዘገያል? የመርከብ ኪራዩስ ለምን ጨመረ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ካርታው ላይ ልክ ነህ። ግን ብዙዎቹ ትልልቅ መርከቦች ለጅቡቲ ብለው አይመጡም ነበር። በስዌዝ ወደ አውሮፓ ሲያልፉ መንገዳቸው ላይ ስላገኟት ነበር የሚቆሙት። በኅዳር 2016 መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካን ዞረው መሄድ ያዙ። ያንተ ኮንቴይነር እንግዲህ ዱባይ ጀበል ዓሊ ወይም ኦማን ሳላላ ወደብ ይራገፍና ትንሽ መርከብ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ቀኑ የሚበላው እዚያ ነው። ኪራዩ ደግሞ፣ ዙሩ ሲረዝም ያው መርከብ በዓመት የሚመላለሰው ያንሳል። ባዶ ኮንቴይነርም ቻይና ቶሎ አይመለስም። እጥረት ሲመጣ ቀይ ባሕርን የማያይ ዕቃም አብሮ ይወደዳል።

ቃሊቲ፦ ዶላር በስንት ይገባል?

መልስ፦ ባንክህን ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ዕቃዬ መቼ ይደርሳል?

መልስ፦ ከየት? በየትኛው መርከብ? የቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ቁጥሩስ? እኔ ጠንቋይ አይደለሁም ወንድሜ።

ሜሪ፦ ጋሼ፣ ዕቃዬን ሞጆ ተረክቤ ጨርሻለሁ። አሁንም ክፈይ ይሉኛል። ዴሜሬጅ አይደል?

መልስ፦ ይሄኛው ዲቴንሽን ይባላል እህቴ። ዴሜሬጅ ዕቃው ያለበት ኮንቴይነር ወደብ ላይ ከነጻ ቀኑ፣ ማለትም ክፍያ ከማይጠየቅበት ጊዜ በላይ ሲቀመጥ ነው። ዲቴንሽን ኮንቴይነሩን ከወሰድሽ በኋላ ባዶውን ሳትመልሺ ስትቀሪ ነው። ሣጥኑ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው፤ መጋዘን አታድርጊው። ባዶው የት እንደሚመለስ ውልሽ ላይ አለ። ጅቡቲ የሚል ከሆነ የመልሱ ማጓጓዣም ያንቺ ነው።

እዚህ ላይ ሁላችሁም ስሙ። ነጻ ቀን ከማዘዛችሁ በፊት ነው የምትደራደሩት። መርከቡ ከደረሰ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት (የዕቃ ማሸጊያ ዝርዝር) ላይ ክብደቱ ወይም ብዛቱ ካልተስማማ፣ በኤልሲ (ባንክ ሰነዱን አይቶ በሚከፍልበት መንገድ) ከሆነ ባንኩ ሰነዱን ይመልሰዋል። እናንተ እርማት ስትጠብቁ ቀኑ ይቆጥራል፣ ያውም በዶላር። የሰነዶቹን ድራፍት (ረቂቅ) ዕቃው ሳይጫን በፊት አስልኩና ፊደል በፊደል እዩት። ሰነድ ከመርከቡ ይቅደም!

የመርካቶ ልጅ፦ አሰብ በእጃችን ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

ሹፌሩ፦ ኧረ ተው! ባቡሩን በቅጡ ብንጠቀምበት ይበቃን ነበር።

የመርካቶ ልጅ፦ ባቡሩ እኔ መጋዘን ድረስ አይመጣ! መጨረሻው ያው መኪና ነው። አንተስ ሥራ እንዳታጣ ነው?

ሹፌሩ፦ እኔ እኮ ባቡሩን ነው ያመሰገንኩት፣ አንብብ እንጂ።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ወደቡ የማንም ይሁን፣ ሰነዱ የዘገየበት ሰው ይከፍላል።

ቡና ላኪ፦ ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ ቡና አይግባ የሚለው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግስ?

መልስ፦ ኤክስፖርት አልሠራም። የቡናው ማሳ የት እንደሆነ በጂፒኤስ ይጠየቃል፣ የሚጀምርበት ቀንም ከአንዴ በላይ ተራዝሟል። ዝርዝሩን ከገዢህ ጋር ተነጋገር።

ዱባይ ያለሁ፦ ከቻይና ከማዘዝ ከዚህ መግዛት አይሻልም? ቅርብ ነን።

መልስ፦ ኮንቴይነር ለማይሞላ ዕቃ ይሻላል። ግን እዚያው ዱባይ፣ ዴራ ያለው ነጋዴ ዕቃውን ከየት አመጣው? ያው ከቻይና ነው። ለቻይናዎቹ ፋሲካ ፋብሪካው ሲዘጋ እሱም ጋ ያልቃል፣ ያውም ትርፉን ጨምሮ ይሸጥልሃል። እነሱ አዲስ ዓመት ይሉታል፣ እኛ ፋሲካ እንበለው፤ ከመዘጋቱ በፊት እዘዙ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ከቻይና ነው። መቼ ይደርሳል?

መልስ፦ ቻይና ሰፊ ናት። ቢል ቁጥር!

ሜሪ፦ ሌላም አለኝ። አርብ የሚደርስ ጭነት አለ፣ ላኪው ኦሪጅናል ቢሉን ገና አልላከልኝም።

መልስ፦ በኤልሲ ነው ወይስ በቲቲ (ለላኪው በቀጥታ በባንክ በማስተላለፍ)? ቲቲ ከሆነና ከፍለሽ ከጨረስሽ፣ ዛሬ ማታ ጻፊለት። ኦሪጅናሉን እዚያው ለመርከብ ድርጅቱ መልሶ ቴሌክስ ሪሊዝ ያድርግልሽ፤ ያኔ ዕቃው ያለ ኦሪጅናሉ ይለቀቅልሻል። ኤልሲ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት በቀጥታ ባንክሽ ጋ ሂጂ።