ሳትደውል አትነሳ፦ ስለ ፖስታና ዕቃ አድራሾች ደህንነት ጥያቄና መልስ

ከዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከፒያሳ፣ ከለገሀር፣ ከሜክሲኮና ከአራት ኪሎ ተነስተው ደብዳቤና ጥቅል የሚያደርሱ ሠራተኞች፣ ሁለት ሦስት ኃላፊዎችም ጨምረው የጠየቋቸው ናቸው። ሕግ ሲነሳ «አዋጁ» የምለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው።

ጋሼ፣ በሞተር ነው የማደርሰው፤ በቀን 30 ቦታ እደርሳለሁ። ኃላፊያችን «ሞተር ላይ ስልክ እንዳታነሱ» ይላል። ካላነሳሁ ግን ቤቱን በምን አገኘዋለሁ? ደንበኛው አድራሻ ብሎ የሚጽፈው «ከባንኩ ጀርባ፣ ስትደርስ ደውል» ነው።

እውነትህን ነው፤ ክልከላ ብቻውን ዕቃ አያደርስም። አገሩ ፖስታ ሳጥን የለመደ ነው። ቤት ድረስ ለሚመጣ ዕቃ አድራሻ አሟልቶ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ የቀረውን የምታሟላው በስልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስልኩን ማውራትህ ሳይሆን መቼ ማውራትህ ነው። እኔ የምለው ከቢሮ ሳትወጣ ነው።

ዕቃውን በሰፈር ከደረደርክ በኋላ በተራ ደውልና አራት ነገር ጠይቅ፦ ቅርቡ ትልቅ ምልክት ምንድን ነው፣ በየት በኩል ይገባል? ሞተር የት ይቆማል? ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱስ ይሠራል? ግቢ ውስጥ ውሻ አለ? መልሱን በአጭሩ ጥቅሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጻፈው። አንድ ጥሪ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ለ30 ዕቃ ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት ከሥራ ሰዓት የማይቆጥር ቢሮ «ስልክ ከልክያለሁ» ቢል ለራሱ መከላከያ እያዘጋጀ ነው እንጂ ለአንተ አላሰበም።

መንገድ ላይ የግድ ከተደወለልህ ፍሬቻ አሳይ፣ ከመንገዱ ውጣ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ከዚያ አንሳ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ፤ ስክሪኑን ሁለት ሰከንድ ብታይ 22 ሜትር ዓይንህን ጨፍነህ እንደመንዳት ነው። ስልኩን ሄልሜትና ጉንጭ መሃል ሸጉጦ ማውራት ደግሞ ድርብ ጥፋት ነው። ስልኩ እንዲገባ ሲባል የአገጭ ማሰሪያው ይላላል፤ የላላ ሄልሜት ደግሞ ስትወድቅ ጭንቅላትህ መሬት ሳይነካ ቀድሞህ ይወልቃል። ማሰሪያው ታስሮ ከአገጭ በታች ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት።

ክረምት ላይ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሀር ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ ይንሸራተታል። ፍሬኑን ቢያጠብቁልኝ ይሻላል?

አይሻልም፤ ይብስብሃል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልና ትንሽ ሲያዝ ይቆልፋል። የሞተር የማቆም አቅም 70 በመቶ ገደማው የፊት ፍሬን ላይ ነው። ብዙ ልጆች ግን «የፊቱ ይገለብጣል» ተብለው ስላደጉ የፊቱን አይነኩትም። የሚገለብጠው ድንገት ሲጨመቅና መሪው ተጠምዞ ሳለ ሲያዝ ነው።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ወደ 2ኛ አውርድና ሞተሩ ራሱ ይያዝልህ። ፍሪሲዮን ጨምቀህ ወይም ዜሮ ማርሽ አስገብተህ «ነዳጅ ልቆጥብ» ብለህ አትልቀቀው። የኋላው የከበሮ ፍሬን በተከታታይ ከተያዘ ይግልና መያዙን ይተዋል። መሪውን ቀጥ አድርገህ የፊቱን ቀስ እያልክ ጨምቅ፣ የኋላውን በስሱ ረግጠህ አግዘው።

ርቀቱንም አስላ። በ40 ኪሎ ሜትር ደረቅ አስፋልት ላይ፣ እስክትነቃ የምትሄደው 11 ሜትር ተጨምሮ፣ 20 ሜትር አካባቢ ላይ ትቆማለህ። እርጥብ ላይ 27 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሁለት የከተማ አውቶቡስ ተደርድሮ ከሚይዘው ቦታ ይበልጣል። ከሁሉ የከፋው ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና አልታጠበም። በዚያ ሰዓት የዜብራው ነጭ ቀለም፣ የቱቦ ብረት ክዳንና አዲሱ ለስላሳ የእግረኛ ንጣፍ ሳሙና የተቀባ ያህል ናቸው። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድም ለሞተር አይደለም፤ አቋራጭ ይመስላል እንጂ ሕፃን ድንገት የሚገባበት እዚያ ነው።

ጎሚስታው «ጭነት ስላለህ ጎማውን 40 ሙላው» ይለኛል።

አትስማው። በአብዛኞቹ 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች ላይ የጎማው አየር ከፊት 25 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ከኋላ እንደ ጭነቱ ከ28 እስከ 33 ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያ ደብተሩ ወይም በካቴናው መሸፈኛ ላይ ተለጥፏል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው፤ ዝናብ ላይ የሚያንሸራትትህም እሱ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካው። በዚያው እጅህ ካቴናውን መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ካልተጫወተ ወይም ከዚያ ካለፈ ይስተካከል።

ሳጥኔ ትልቅ ነው፤ ሞልቼ ስጭን መሪው ይቀለኛል፣ ይንቀጠቀጣልም። መሪው ተበላሽቶ ነው?

መሪውን ከማስፈታትህ በፊት ጭነቱን እይ። ሳጥኑ ከኋላው ጎማ መሃል ወደ ኋላ ካለፈ እንደ ሚዛን ፊቱን ያነሳዋል። ከባዱን ከታችና ወደ ጀርባህ አስጠግተህ ጫን፣ ቀላሉን ከላይ። ትርፍ ቦታ ካለ በካርቶን ወይም በጨርቅ ሙላው፤ ውስጥ የሚንከባለል 5 ኪሎ ጥቅል ኩርባ ላይ ከተረጋጋ 10 ኪሎ ይብሳል። ሳጥኑ የተቀመጠበት ብረት የሚችለው ክብደት መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው።

በእግር ለሚሄዱትም ልጨምር። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለትከሻ ቦርሳ የወሰነው 35 ፓውንድ፣ 16 ኪሎ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቱም አለ። ስለዚህ 16ን ጣሪያ አድርጉት እንጂ መነሻ አታድርጉት። ቦርሳው ሁልጊዜ በአንድ ትከሻ ከሆነ ወገብ ይጎብጣል፤ በሁለት ማንገቻ የሚያዝ ይሁን፣ ካልሆነም በየሰዓቱ ትከሻ ቀይሩ።

ውሻ ነከሰኝ። ባለቤቱ «ክትባት አለው፣ አትፍራ» አሉኝ፤ ቁስሉም ትንሽ ናት። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ፓስተር መሄድ አለብኝ?

አዎ፣ ዛሬውኑ። ግን ከሁሉ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠበው፤ ሰዓት አይተህ። ብዙው ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ ይተወዋል፤ ቫይረሱን ከቁስሉ የሚያወጣው ግን ረጅሙ እጥበት ነው። ቀጥሎ አዮዲን ወይም አልኮል አድርግበት። በጥብቅ አትሸፍነው፣ ቅጠልም በርበሬም አትነስንስበት። ጸበል መሄድ ከፈለግክ ከመርፌው በኋላ ሂድ።

ቆዳውን ያልበሳ፣ ደም የሌለው ጭረት ክትባት ብቻ ይበቃዋል። ቆዳ ከተበሳ ወይም ውሻው የቆሰለ ቦታህን ከላሰው ግን ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒትም ያስፈልጋል። የቁስል ትንሽነት አያድንም፤ የጥርስ ቀዳዳ አፉ ጠባብ ሆኖ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ዘመናዊው ክትባት የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ተብሎ፣ ከዚያ በ3፣ በ7፣ ቀጥሎም ከ14 እስከ 28 ባለው ቀን ይሰጣል። «ሁለቱን ወሰድኩ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ የለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው፤ ሕክምናው የሚሠራው ከዚያ በፊት ብቻ ነው። የቴታነስ መርፌም ጠይቅ።

ባለቤቱን የክትባት ደብተር አሳየኝ በላቸው፤ ውሻውን ለ10 ቀን አስረው ይጠብቁት። ክትባትህን ግን እሱን እየጠበቅክ አታዘግይ። ውሻው 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ክትባቱ ይቁም አይቁም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በሥራ ላይ ስለተነከስክ ወጪው የአሠሪህ ነው፤ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ።

ለሌሎቻችሁ፦ በር አንኳኩታችሁ «ውሻ ታስሯል?» ሳትሉ፣ መልስም ሳትሰሙ እግራችሁን ወደ ግቢ አታስገቡ። ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቦርሳውን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ እርምጃ በእርምጃ ውጡ።

የአንድ አነስተኛ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሕጉ ከእኔ የሚጠብቀው ሄልሜት መግዛት ብቻ ነው?

አይደለም፤ ሄልሜቱ ቀላሉ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 92 መከላከያ ዕቃ ማቅረብን ብቻ ሳይሆን አጠቃቀሙን ማስተማርን፣ ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግን፣ የደረሰን አደጋ መመዝገብንና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅን እርስዎ ላይ ይጥላል። ሄልሜት፣ አንፀባራቂ ሰደርያ፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ሱሪም ያለው የዝናብ ልብስ ሲሰጡ ሠራተኛው ይፈርም። መመሪያው በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው፤ «በቃል ነግሬዋለሁ» ማለት ነገ አያድንዎትም። ሠራተኛውም በአንቀጽ 93 መሠረት የተሰጠውን መጠቀምና ብልሽት ሲያይ ማሳወቅ አለበት። «ፍሬኑ አይዝም» ብሎ የነገረዎትን ልጅ «የዛሬን ጨርስና» ብለው ካሰማሩት ግን ነገሩ ወደ እርስዎ ዞረ።

ሰዓቱንም ያስታውሱ፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ስንት ዕቃ ይመደብ የሚለውም በዚህ ውስጥ ነው።

መኪና ገጭቶኝ እግሬ ተሰብሯል፤ ሐኪሙ አምስት ወር ብሎኛል። ደሞዜስ?

እግዚአብሔር ይማርህ። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ኦፕሬሽኑም ካለ የአሠሪው ነው። ሥራ እስክትጀምር ቢበዛ እስከ አንድ ዓመት ይከፈልሃል፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ደሞዝህ 9,000 ብር ቢሆን ሦስት ወር 9,000፣ ቀጥሎ ሁለቱን ወር ቢያንስ 6,750 ማለት ነው። «ጥፋቱ የባለመኪናው ነው፣ እሱን ጠይቅ» ቢሉህ፣ በሥራ ላይ ሳለህ በሦስተኛ ወገን የደረሰብህም የሥራ ላይ አደጋ ነው።

አሠሪው ነፃ የሚወጣው ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ ነው። ግልጽ የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የሄልሜቱ ነገር ቀልድ ያልሆነው ለጭንቅላትህ ብቻ አይደለም።

አደጋ ሲደርስ አብራችሁ ያላችሁ፦ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። የወደቀውን አንስታችሁ ላዳ ውስጥ አትክተቱት፤ እስትንፋሱ ካልታፈነ ሄልሜቱንም አታውልቁ፣ አንገቱ ሊጎዳ ይችላል። የመኪናውን ታርጋና የሦስተኛ ወገን መድኑን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ለቢሮው በዚያው ቀን በጽሑፍ፣ ቢያንስ በመልእክት አሳውቁ።

እኔ ውል የለኝም፤ በዕቃ ቁጥር ነው የሚከፈለኝ። «አንተ ሠራተኛችን አይደለህም» ይሉኛል።

በሥራው መጠን መከፈል ብቻውን ከሠራተኛነት አያወጣህም፤ አዋጁ ቁርጥ ሥራንም ይጠቅሳል። የሚታየው በማን ትእዛዝ ሥር እንደምትሠራ ነው፦ ሰዓቱን ማን ይወስናል፣ ዕቃውን ማን ይመድባል፣ ስትቀር ማን ይቀጣል? የጽሑፍ ውል አለመኖርም መብትህን አይሰርዝም። የምደባ መልእክቶችንና የተከፈለህባቸውን የቴሌብር ደረሰኞች አስቀምጥ፤ ሥራና ክህሎት ቢሮ ስትሄድ የሚጠይቁህ እነዚህን ነው።

ከቤቴ ወደ ሥራ በታክሲ ስመጣ ብጎዳስ?

ራስህ ከፍለህ በተሳፈርክበት ታክሲ ከሆነ እንደ ሥራ ላይ አደጋ አይቆጠርም። ድርጅቱ ለሠራተኞች ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ከሆነ ይቆጠራል።

ጋሼ፣ ሴት ነኝ፤ ስለ ፍርሃት የሚጠይቅ ስለሌለ እኔ ልጠይቅ። «ግቢና ሻይ ጠጪ» የሚሉ አሉ፤ ብርም ተቀብዬ ነው የምዞረው።

ጥሩ አደረግሽ እህቴ። ከደጃፍ አትለፊ፤ ይህን የአንቺ ጠባይ ሳይሆን የድርጅቱ ደንብ አድርገሽ ተናገሪ፦ «ደንባችን ነው፣ በር ላይ ነው የምናስፈርመው»። ያኔ ማንም አይቀየምሽም። አፓርታማ ከሆነ ጥበቃው ጋ ወርደው ይቀበሉ። አንድ ጊዜ ያስቸገረ አድራሻ ቢሮው ስልክ ቁጥሩን መዝግቦ ከዚያ በኋላ በወንድ ወይም በሁለት ሰው ይላክ፤ ይህም የደህንነት ሥራ ነው። ብሩን በተመለከተ በተቻለ መጠን ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ ቀድሞ ይክፈል። ጥሬ ብር ከያዝሽ እኩለ ቀን ላይ አስገቢ እንጂ እስከ ማታ አታጠራቅሚ። ቢቀሙሽ ስጪያቸው፤ ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ የሚል አለቃ ካለ በጽሑፍ ይጻፈው በይ፣ ብዙዎቹ አይጽፉትም።

ሊፍት የማይሠራ ሕንፃ፣ 9ኛ ፎቅ፣ 18 ኪሎ ጥቅል።

አትውጣ። ጠዋት ስትደውል የጠየቅከው ለዚህ ነበር። ደንበኛው ይውረድ፣ ካልወረደ ለጥበቃው በፊርማ፣ ካልተፈቀደ ወደ ቢሮ መልሰው። የግድ ከሆነ ለሁለት ያዙት፤ ደረጃ ላይ ጥቅል የእግርህን ጫፍ ከጋረደህ ስትወርድ መውደቅህ አይቀርም።

ጥቅሉ ይሞቃል፤ ውስጡ የስልክ ባትሪ ያለ ይመስለኛል።

ከሳጥኑ አውጣው፣ ከሰውና ከነዳጅ ራቅ አድርገህ ባዶ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ለቢሮ ደውል። አትክፈተው፣ አትነቅንቀው። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ሲቀጣጠል ጭሱም መርዝ ነው፤ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ቁም። እሳት ከተነሳ 939።

ሄልሜቴ ከጠረጴዛ ወደቀ። ልጣለው?

ባዶውን ከጠረጴዛ ቢወድቅ ውጩ ካልተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጭንቅላትህ ውስጡ ሆኖ አንድ ጊዜ ከተመታ ግን ምንም ባይታይበትም አበቃለት። ውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ የሚከላከለው በመጨመቅ ነው፤ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ያገለገለ ሄልሜት ከመርካቶ በቅናሽ የምትገዙ፣ የማንን ጭንቅላት እንዳዳነ አታውቁምና ተዉት።