ለግላኮማ የትኛው ሌዘር ይሻላል?

እህቴ፣ አባትሽ ጠብታ እየተጠቀሙም የአይናቸው ግፊት 27 ላይ ስለቆመ ሐኪሙ ሌዘር ይሠራላቸው እንዳለና የትኛው እንደሚሻል ጠይቀሻል። እኔ በሁለቱም አይኔ ኤስኤልቲ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ተሠርቶልኛል። እናቴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው የተሠራላት።

ከሁሉም በፊት ሐኪሙን "ማዕዘኑ ክፍት ነው ወይስ ጠባብ?" በይው። ማዕዘን የሚሉት ከፊት ያለው ጥርት ያለ የአይን ሽፋንና ባለቀለሙ ክፍል የሚገናኙበትን ቦታ ነው፤ የአይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማጣሪያ እዚያ ነው ያለው። የሚታየው ጎኒዮስኮፒ በሚባል ምርመራ ነው፤ አይን ደንዝዞ መስታወት ያለው ሌንስ ይደረግበታል። ይሄ ሳይታይ ሌዘር ማወዳደር ዋጋ የለውም። የእናቴ ማዕዘን ጠባብ ስለነበር አይሪዶቶሚ ተሠራላት፣ ማለትም ባለቀለሙ የአይን ክፍል ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተ። ማዕዘኑ ክፍት ለሆነ ሰው ግን ይሄ አይጠቅምም።

ክፍት ከሆነ ምርጫው በኤስኤልቲና በድሮው የአርጎን ሌዘር መካከል ነው። ግፊት በመቀነስ ብዙም አይበላለጡም። ግን አርጎኑ በሙቀት ማጣሪያውን ጠባሳ ስለሚያደርገው ደግሞ መሥራት አይመከርም፤ ኤስኤልቲ ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ኃይሉ ሲደክም ሊደገም ይችላል። በኔ እምነት ሁለቱም ካሉ ኤስኤልቲ ይሁን። ሲሠራልኝ አረንጓዴ ብልጭታ አየሁ፣ ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ፣ በደቂቃዎች አለቀ። አይኔ ቀልቶ ብርሃን ጠላ፣ ከዚያ ተወኝ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ወዲያው ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ሳይለኩላቸው ከክሊኒኩ እንዳትወጡ።

ማስረጃውም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ላይት (LiGHT) በተባለው የእንግሊዝ ጥናት፣ በኤስኤልቲ ሕክምና ከጀመሩት 74 በመቶው ከ3 ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው ልክ ነበር። እነሱ ግን አዲስ ታካሚዎች ናቸው፤ አባትሽ ጠብታ ላይ ስላሉ ጠብታው ሙሉ በሙሉ ይቀራል ብለሽ አትጠብቂ። ለኛ የሚቀርበው በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት ነው፤ ከ1 ዓመት በኋላ ኤስኤልቲ 61 በመቶ አይኖች ላይ ሲሳካ ቲሞሎል የሚባለው የግላኮማ ጠብታ 31 በመቶ ላይ ብቻ ነው የተሳካው። ጠብታ በየጊዜው መግዛት ለሚከብደው ቤተሰብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል የሚያዳክም ዳዮድ የሚባል ሌዘርም አለ። እሱ ጠንከር ያለ ነው፤ እይታም ሊቀንስ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ነው የሚሠራው። አባትሽን ይሄ ነው ካሏቸው ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ውጤቱን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁት። እስከዚያ ሐኪሙ ሳይል ጠብታ እንዳያቆሙ አደራ። የጠፋ እይታ በየትኛውም ሌዘር አይመለስም፣ የምንጠብቀው የቀረውን ነው። ደግሞ ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ አንቺም ወንድም እህቶችሽም ግፊታችሁንና የአይን ነርቫችሁን ተመርመሩ።