የማታ ተረኛ ነርስ ባልደረባሽ «ተኝቼ ባልነቃ» ስትልሽ

እህቴ፣ «ባልደረባዬ ‹ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል› አለችኝ፤ ብጠይቃት ሐሳቡን አስገባባት ይሆን? ለኃላፊ ብናገርስ የሥራ ፈቃዷን ታጣለች?» ብለሻል። ጠይቂያት፣ ዛሬውኑ። ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም ብዙዎች የሚናገሩት ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል።

በርክክብ ሰዓት ኮሪደር ላይ ግን አታንሺው። ከፈረቃ በኋላ በሩ የሚዘጋ ክፍል ፈልጊ። «ደህና ነሽ አይደል?» ካልሻት «ደህና ነኝ» ነው የምትልሽ፤ ነርስ ልቧ እየደማም ሥራዋን ሳታጓድል መዋል ታውቅበታለች። ያየሽውን ጥቀሺላት፦ ምሳ መተዋን፣ እንቅልፍ ማጣቷን፣ ተደራቢ ፈረቃ እየለመነች መውሰዷን። ከዚያ ሳትሸፋፍኚ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በያት። አዎ ካለች ዕቅድ እንዳላት፣ ልታደርገው መቁረጧን፣ ባለፉት 3 ወራት የሞከረችው ወይም የተዘጋጀችበት ነገር መኖሩን ጠይቂ። ከነዚህ አንዱ ካለ ለብቻዋ አትተያት፤ አብረሻት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሐሳብ ብቻ ቢሆንም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ሳትይዙ አትለያዩ። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። «ራሴን አልጎዳም» የሚል ቃል ማስገባትም ዋስትና አይሆንም።

በአሜሪካ ከ2007 እስከ 2018 ያለውን መረጃ የመረመረ ጥናት ነርሶች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። አንዱ ምክንያት በሥራችን ምክንያት መድኃኒት ከእጃችን የማይርቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከባልደረባሽ ጋር ተስማምታችሁ ቤት ያለውን መድኃኒት የምታምነው ሰው ይያዝላት። በዋርዱ የተቆለፈውን መድኃኒት ቁልፍ ደግሞ ኃላፊዋ ነርስ ለጊዜው ለሌላ ተረኛ ትስጥ፣ ምክንያቱን ለማንም ሳትዘረዝር። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ሰዓት እጅ የሚገባ ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

የፈቃዱን ነገር በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። ሆኖም መታመምና ሥራ ለመሥራት አለመቻል አንድ አይደሉም፤ በጊዜ ታክማ የምትሠራ ነርስ ታመመች ተብላ ብቻ ብቁ አይደለችም ልትባል አይገባም። ለኃላፊም ስትነግሪ «እረፍትና የፈረቃ ለውጥ ያስፈልጋታል» ማለት ይበቃል፤ የነገረችሽን ሁሉ መዘርዘር የለብሽም። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ የመድኃኒት ስህተት ሠርታ ወይም ተከሳ በምርመራ ላይ ያለች ነርስ ናት። ከሥራ ታግዳ ቤት ስትቀመጥ ስልኳ ዝም ይላል፤ ያኔ የሚደውልላት ሰው አስቀድሞ በስም ይመደብ። ለሳምንታት ስትጨነቅ ቆይታ ያለምክንያት ድንገት ከተረጋጋችም «ተሻላት» ብለሽ አትተይ፣ እንደገና ጠይቂያት።

ሆስፒታል ተኝታ ከታከመች ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት በጣም አስጊ ነው፤ ቀጣዮቹ 3 ወራትም ቀላል አይደሉም። በየቀኑ ደውይላት፣ ቀጠሮዋንም አብረሽ አስታውሺ፤ ሥራ ስትመለስ ደግሞ እንቅልፏ እስኪስተካከል የማታ ፈረቃ አይመደብላት።