ልጅን ከዳይፐር ማላቀቅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ዓመት ከስድስት ወር ሆኗታል። ፖፖ ልጀምርላት?

መልስ፦ ዕድሜዋን ሳይሆን እሷን እያት። ዳይፐሯ ለ2 ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ይቆያል? «ጫማሽን አምጪ» ስትያት ትሰማለች? ካካዋ ሲመጣ ጥግ ይዛ ጸጥ ትላለች? ከሆነ ሞክሪ። ካልሆነ ጥቂት ወራት ብትጠብቂ ምንም አይቀርብሽም። ብዙዎቹ የሚለምዱት በ2 እና በ3 ዓመት መካከል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሽንቱን ፖፖ ላይ ይሸናል። ካካውን ግን ዳይፐር ካላደረግኩለት እምቢ ይላል። 3 ቀን ይይዘዋል። እልኸኛ ሆነብኝ።

መልስ፦ እልህ አይመስለኝም፣ ፍርሃት ነው። አንድ ቀን ደርቆበት አሞት ይሆናል። ሕመሙን ፈርቶ ይይዘዋል። ሲይዘው አንጀቱ ውሃውን ይመጠውና ይበልጥ ይደርቃል። ሲወጣ ደግሞ የባሰ ያመዋል። እግሩን አቆላልፎ፣ በጣቶቹ ቆሞ ፊቱ ሲቀላ ያማጠ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እየያዘ ነው።

ስለዚህ ፖፖውን ተይውና መጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም። ውሃ፣ ፍራፍሬና አትክልት ይብዛለት። ካልለሰለሰ ሐኪም የሚያለሰልስ መድኃኒት ያዝለታል። እስከዚያው ዳይፐሩን ሲጠይቅ ስጪው፤ ከሚይዘው ይሻላል። ሲለሰልስለት፣ በልቶ ትንሽ እንደቆየ ለ5 ደቂቃ ያህል አስቀምጪው፤ ምግብ አንጀትን ያነቃቃል። እግሩ መሬት ይርገጥ። እግር ተንጠልጥሎ ማማጥ ለእኛ ለትልልቆቹም ይከብዳል! አልመጣም? ተነስቶ ይጫወት።

ፓንቱ ላይ ቀጭን ካካ ካየሽ ደግሞ ተቅማጥ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ከደረቀው ጎን እየሾለከ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጅ ቆሞ ነው ተቀምጦ?

መልስ፦ ተቀምጦ ይጀምር። ሽንትና ካካ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ነው የሚመጡት። መቆሙን በኋላ ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለምዳ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ሱሪዋ ላይ ትሸናለች። ባለቤቴ «ትንሽ ብትቆነጠጥ» ይላል።

መልስ፦ ቁንጥጫው ይቅር። ሕፃን ሲመጣ እንዲህ ወደ ኋላ መመለስ የተለመደ ነው። ሳትቆጪ ቀይሪላት፤ ለእሷ ብቻ የሚሆን ጊዜም አይጥፋ። ስትሸና የሚያቃጥላት ከሆነ ግን ሽንቷ ይመርመር፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ሌሊት ፍራሽ ያረጥባል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሌሊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውነቱ እስኪበስል መጠበቅ እንጂ በሥልጠና አይመጣም። በዚህ ዕድሜ በሽታ አይባልም። ላስቲክ አንጥፍለት፣ ሳይተኛ ይሽና። ለወራት ደርቆ ቆይቶ እንደገና ከጀመረውና ውሃ ጥም ከበዛበት ግን ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ቤት ውሰደው።